ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱ የከበደበት ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስንቅ ይዘው ማረሚያ ቤት በር ላይ ከሚሰለፉ ቤተሰቦች አንድ ንግግር ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «እሱ እኮ ራሱ አምኗል፤ ከእንግዲህ ምን ይግባኝ አለው?» ንግግሩ ግማሽ እውነት ነው። ብዙ ሰው በሌላው ግማሽ ሳይጠቀም የይግባኝ ጊዜው ያልፍበታል። ከዚህ በታች ያለው በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግና በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። ቅጣቱ የተወሰነው በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆነ ሌላውን ትተው መጀመሪያ ስለ ቀነ ገደብ የተጻፈውን ያንብቡ።

ክሱን አምኖ የተቀጣ ሰው በእርግጥ ይግባኝ ማለት ይችላል?

ይችላል፤ ግን በቅጣቱ ላይ ብቻ። ፍርድ ቤት በወንጀል ጉዳይ የሚሰጠው ውሳኔ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው «ጥፋተኛ ነው» የሚለው ፍርድ ሲሆን ሁለተኛው «ይህን ያህል ይቀጣ» የሚለው ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 185 ክሱን አምኖ ጥፋተኛ የተባለ ሰው በመጀመሪያው ላይ ይግባኝ እንዳይል ይከለክላል። የቅጣቱን ልክና ሕጋዊነት ግን ክፍት ይተዋል። የይግባኝ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(6) የተደነገገ መብት ስለሆነ ማንም ሠራተኛ «አንተ ስላመንክ አይፈቀድልህም» ብሎ ማመልከቻ ሊመልስ አይገባውም።

የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው። ሰውዬው ድርጊቱን መፈጸሙን በችሎት ፊት በራሱ አንደበት ተናግሯል፤ ስለዚህ የላይኛው ፍርድ ቤት «ፈጽሟል ወይስ አልፈጸመም» ብሎ ምስክር የሚሰማበት ምክንያት የለም። ስንት ዓመት ይገባዋል የሚለው ግን የዳኛው ሥራ ነው። ዳኛ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል።

ፖሊስ ጣቢያ «እመን፣ ይቀልልሃል» ተብሎ ነው ያመነው። ይህ ለይግባኝ ምክንያት ይሆናል?

ለብቻው አይሆንም። በፖሊስ ጣቢያ የተነገረ ተስፋ ዳኛን አያስርም፤ ዳኛው ቅጣቱን የሚወስነው ሕጉን፣ የቅጣት አወሳሰን መመሪያውንና የቀረበለትን የቅጣት አስተያየት መዝኖ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይለየው ነገር አለ። ለፖሊስ የተሰጠ ቃል፣ በምርመራ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተሰጠ ቃልና ክስ ከተነበበ በኋላ የሚሰጠው የእምነት ክህደት ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የይግባኙን በር የሚያጠበው የመጨረሻው ብቻ ነው። ወንድምዎ ለፖሊስ አምኖ በችሎት ከካደ፣ በምስክር ተረጋግጦበት የተፈረደበት ሰው ነውና በጥፋተኝነቱም በቅጣቱም ላይ ሙሉ ይግባኝ አለው። ስለዚህ ጠበቃ ከማነጋገርዎ በፊት የውሳኔውን ግልባጭ ይዩ። «ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ» የሚለው ቦታ ላይ ምን ተጽፏል?

የተመዘገበው «እምነት» በእርግጥ እምነት ካልሆነስ?

ይህ ጥያቄ ከሚገባው በታች ነው የሚጠየቀው። አንቀጽ 134 አንድ ሰው አመነ የሚባለው ክሱ ላይ የተዘረዘረውን እያንዳንዱን የወንጀሉን ፍሬ ነገር ያለ ምንም ቅሬታና ቅድመ ሁኔታ ሲቀበል ነው ይላል። አሁን ይህን አነጋገር ያዳምጡ፦

«አዎ መትቼዋለሁ። ግን መጀመሪያ በዱላ የመታኝ እሱ ነው፤ ባልመታው ይገድለኝ ነበር።»

የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዞ «አምኗል» ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው። ሰውዬው ራሱን መከላከሉን እየተናገረ ስለሆነ ቃሉ እንደ ክህደት ተይዞ ማስረጃ መሰማት ነበረበት። «ዕቃውን ወስጃለሁ፤ ግን የኔ መስሎኝ ነው» የሚልም እንዲሁ ነው፤ ስርቆት ያለ ሐሳብ ስርቆት አይሆንም። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲገጥም የይግባኙ ክርክር «አላጠፋሁም» ሳይሆን «የተናገርኩት በአንቀጽ 134 አነጋገር እምነት አይደለም» የሚል ይሆናል። የአንቀጽ 185 ክልከላ በትክክል ያመነ ሰውን የሚመለከት ስለሆነ መከራከሪያው ጥሩ መሠረት አለው።

ቋንቋም እንዲሁ። ተከሳሽ በማያውቀው ቋንቋ ክስ ተነብቦለት አንገቱን ስለ ነቀነቀ አመነ አይባልም። በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(7))።

ቃሉን መለወጥ ይችላል?

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ቢባልም ሕጉ ያን ያህል አይጨክንም። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ባለው ጊዜ ፍርድ ቤቱ የእምነት ቃሉ መያዝ እንዳልነበረበት ከተረዳ ወደ ክህደት ሊለውጠው ይችላል (አንቀጽ 135)። ቅጣት ተወስኖ ካበቃ በኋላ ግን ይህ መንገድ ያበቃል፤ ከላይ የተገለጸው ብቻ ይቀራል። ቅጣቱን ሲሰሙ ደንግጠው «ለካ ባላምን ይሻለኝ ነበር» የሚሉ አሉ። ጸጸቱ ይገባኛል፤ የይግባኝ ምክንያት ግን አይደለም።

«ቅጣቱ በዛብኝ» ለማለት ምን ዓይነት ምክንያት ያስፈልጋል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የይግባኝ ችሎት ዳኞች «እኔ ብሆን ሁለት ዓመት እቀንስ ነበር» ብለው ብቻ የሥር ፍርድ ቤትን ውሳኔ አይነኩም። የሚፈልጉት ስሕተት ነው፤ የት ቦታ፣ የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው የተዘለለ ማስረጃ የሚለውን። የማያቸውን ስሕተቶች በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ምሳሌው የማንም ሰው ጉዳይ አይደለም፤ ግን በየችሎቱ የሚታይ ዓይነት ነው።

ሁለት ጎረቤታሞች ጠላ ቤት ውስጥ ተጣሉ። አንዱ ሌላውን በጠርሙስ መትቶ ዐይኑን ጎዳው። በማግስቱ ራሱ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ቤተሰቦቹ ለተጎጂው ሆስፒታል ከፈሉ፤ የሰፈር ሽማግሌዎች ገብተው እርቅ ወረደ፤ ተጎጂውም በእርቅ ሰነዱ ላይ ፈረመ። ክሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555፣ ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ ነው። ተከሳሹ በዝርዝር አመነ። ድንጋጌው እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ወይም ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ያስቀጣል። ርቀቱን ልብ ይበሉ፦ በአንድ አንቀጽ ሥር ከአንድ ዓመት እስከ 15 ዓመት!

መጀመሪያ መታየት ያለበት የማቅለያዎቹ ቆጠራ ነው። አንቀጽ 82(1)(ሠ) ከወንጀሉ በኋላ የታየን እውነተኛ ጸጸት ማቅለያ ያደርገዋል። ተጎጂን መርዳት፣ ጥፋትን ማመን፣ ለባለሥልጣን እጅ መስጠት፣ በተቻለ መጠን ጉዳቱን መካስ፣ እንዲሁም በክሱ የተዘረዘረውን ሙሉ በሙሉ ማመን ሁሉ በስም ተጠቅሰዋል። ስለዚህ ማመኑ ራሱ ሕጉ የሚያውቀው ማቅለያ ነው፤ ዳኛ ሲፈልግ የሚሰጠው ችሮታ አይደለም። ቀደም ሲል መልካም ጠባይ የነበረው መሆኑ በ82(1)(ሀ) ይመጣል። በከባድ መቆስቆስ ተገፋፍቶ ከሆነ (መ) አለ። ውሳኔው «ተከሳሹ ሪከርድ የሌለበት መሆኑ በማቅለያነት ተይዟል» ብሎ ሌላውን በዝምታ ካለፈው ይግባኝ የሚባልበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ ማክበጃዎቹን ይመልከቱ። ወንጀሉን ለማቋቋም ወይም በድንጋጌው ውስጥ ቅጣቱን ለማክበድ ሕጉ አስቀድሞ የቆጠረውን ነገር ዳኛው በጠቅላላ ማክበጃነት መልሶ መቁጠር አይችልም (አንቀጽ 84(2))። በቡድን በመፈጸሙ ብቻ ከቀላል ስርቆት ወደ ከባድ ስርቆት የወጣ ተከሳሽ ላይ «ከሌሎች ጋር ተስማምቶ መፈጸሙ ቅጣቱን ያከብዳል» ከተባለ አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አስቀጣው ማለት ነው። ይህ ስሕተት ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል። ውሳኔ ሲጻፍ ዐቃቤ ሕግ በቅጣት አስተያየቱ የዘረዘረውን እንዳለ ከመገልበጥ የሚመጣ ይመስለኛል።

ሦስተኛው የእስራቱ ዓይነት ነው። ድንጋጌው ቀላልና ጽኑ እስራትን በአማራጭ ሲያስቀምጥ ዳኛው ጽኑውን ለምን እንደመረጠ ማስረዳት አለበት። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። ምርጫው ለገደብም፣ ማለትም ቅጣቱ ሳይፈጸም በሁኔታ ታግዶ እንዲቆይ ለማድረግም፣ ወሳኝ ነው፤ አጭር ቀላል እስራት የተወሰነበትና ከዚህ በፊት ያልተቀጣ ሰው ቅጣቱ በገደብ እንዲታይለት የመጠየቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።

አራተኛው የድርጊቶች ብዛት ነው። በአንድ ሐሳብ የተፈጸመ አንድ ጥፋት በሁለት ክስ ተከፍሎ ቅጣቱ ከተደመረ አንቀጽ 61ን ይዘው መከራከር ይቻላል።

የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆን፣ ከባድ ሕመም፣ አዛውንት እናትን መጦር የመሳሰሉት በ82 ዝርዝር ውስጥ በቀጥታ የሉም። የሚገቡት በአንቀጽ 86 በኩል ነው፤ እርሱም ዳኛው ምክንያቱን ጽፎ በሕጉ ያልተዘረዘረ ማቅለያ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ዳኛው ግዴታ የለበትም። ግን ተጠይቆ፣ ማስረጃ ቀርቦለት፣ አንድ ቃል ሳይልበት ካለፈ ዝምታው ራሱ ቅሬታ የሚቀርብበት ነው።

«እርከን» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 88(4) የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ እንዲያወጣ አዝዟል። መጀመሪያ ቁጥር 1/2002፣ በኋላ የተሻሻለው ቁጥር 2/2006 ወጣ። ዓላማው ተመሳሳይ ወንጀል አንዱ ችሎት ላይ ሦስት ዓመት፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ ያለው ችሎት ላይ ዘጠኝ ዓመት እንዳያስቀጣ ነው። ዳኛው ለወንጀሉ ደረጃ ይሰጣል፤ ደረጃው በሠንጠረዥ ወደ መነሻ እርከን፣ ማለትም ትንሹና ትልቁ ቅጣት ወደተወሰነበት ረድፍ፣ ይመራዋል፤ ማክበጃ ሲኖር እርከኑ ይወጣል፣ ማቅለያ ሲኖር ይወርዳል። በመጨረሻው እርከን ውስጥ ዳኛው ባለው ፍቅድ ሥልጣን፣ ማለትም በራሱ የመምረጥ ሥልጣን፣ ቅጣቱ ይወሰናል።

ለይግባኝ ባይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ስሌቱ በወረቀት ላይ ይታያል። ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘው ይከተሉት። መነሻ እርከኑ ስንት ነው? ስንት ማቅለያ ተያዘ? እርከኑ በዚያው ልክ ወረደ? ማቅለያው ተይዟል ተብሎ ተጽፎ እርከኑ ሳይወርድ የቀረበት ውሳኔ አይቻለሁ፤ ንጹሕ የቆጠራ ስሕተት ነበር። ዳኛ ከመመሪያው መውጣት ይችላል፤ ሲወጣ ግን ምክንያቱን መጻፍ አለበት።

ቀነ ገደቡ ስንት ነው?

በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ እንደሚጠይቅ የሚገልጽ ማመልከቻ ውሳኔው በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ይቀርባል። የመዝገቡ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ ዝርዝር የይግባኝ ማመልከቻውን ለማቅረብ 30 ቀን አለው። እስረኛ ከሆነ ማመልከቻውን በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል ማቅረብ ይችላል፤ ያስረከበበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝ። «ለኃላፊው ሰጥቼ ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን ሲሟገት ደካማ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚባክነው ግልባጭ በመጠበቅ ነው። ውሳኔው በተነበበበት ቀን፣ ካልተቻለ በማግስቱ፣ የግልባጭ ጥያቄ በጽሑፍ ያስገቡ። መዝገብ ቤት «አልተተየበም፣ ሳምንት ተመለስ» ካለዎት ሳምንት ይመለሱ፤ የተመላለሱበትን ቀን ግን በማስታወሻ ይያዙ። የወንጀል ይግባኝ እንደ ፍትሐ ብሔር በክርክሩ ገንዘብ ልክ የሚሰላ የዳኝነት ክፍያ የለውም።

ጊዜው ካለፈስ?

አንቀጽ 191 ላይ የማስፈቀጃ መንገድ አለ። ይግባኙ የዘገየው በይግባኝ ባዩ ጥፋት እንዳልሆነ ማሳየት ያስፈልጋል። የታመመ ሰው የሕክምና ማስረጃ፣ ግልባጭ የዘገየበት ሰው ግልባጩ የተሰጠበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም፣ ከአንድ ማረሚያ ቤት ወደ ሌላ የተዛወረ ሰው ከአስተዳደሩ ደብዳቤ ያቅርብ። «ሕጉን አላውቅም ነበር» አያስኬድም። «ገንዘብ እስክናገኝ ነው» የሚለውም እምብዛም አያስኬድም፤ ማመልከቻውን ያለ ጠበቃም ማስገባት ይቻል ነበርና።

ማመልከቻው ምን መምሰል አለበት?

አጭር። ሁለት ገጽ በቂ ነው፤ አራት ገጽ ብዙ ነው። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ተጽፈው የሚመጡ ማመልከቻዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፦ «ልጆቼ ጎዳና ሊወጡ ነው፤ የተከበረው ፍርድ ቤት በእግዚአብሔር ስም ይማረኝ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም።» ይህ ልብ ይነካል። ዳኛ ግን ልቡ ቢነካም እጁ የሚንቀሳቀሰው በሕግ ምክንያት ነው። ይህን ያነጻጽሩ፦

«የሥር ፍርድ ቤት በውሳኔው ገጽ 3 ይግባኝ ባይ ክሱን በዝርዝር ማመኑን መዝግቦ ሳለ ቅጣቱን ሲያሰላ በወንጀል ሕግ አንቀጽ 82(1)(ሠ) መሠረት በማቅለያነት አልያዘውም፤ ያልያዘበትንም ምክንያት አልገለጸም። ለተጎጂው ሕክምና የተከፈለበት ደረሰኝና የእርቅ ሰነዱ ከመዝገቡ ጋር ተያይዘው እያለ አልተመዘኑም። እነዚህ ማቅለያዎች ተይዘው እርከኑ እንደገና እንዲሰላና ቅጣቱ እንዲሻሻል እንጠይቃለን።»

ገጽ፣ አንቀጽ፣ የተዘለለው ማስረጃ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። የልጆቹን ነገር መጻፍ ክልክል አይደለም፤ ከዚህ በኋላ በአንድ አንቀጽ ይግባ፤ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የቤተሰብ ሁኔታ ማስረጃ ጋር።

አንድ የማይጻፍ ነገር አለ፤ ጥፋቱን መካድ። «ሳላጠፋ አምኜ ነው፣ ቅጣቱም ይቀነስልኝ» የሚል ማመልከቻ ራሱን ይበላል። እውነተኛ ጸጸትን በማቅለያነት እየጠየቀ ጸጸት እንደሌለው ይመሰክራልና።

በሥር ፍርድ ቤት ያላቀረብነውን ማስረጃ አሁን ማቅረብ እንችላለን?

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይጎዳል። ሰውዬው ሲያምን ሁሉም ያለቀ ስለሚመስለው የቅጣት አስተያየት ሲጠየቅ «ፍርድ ቤቱ አስተያየት ያድርግልኝ» ብቻ ብሎ ይቀመጣል። ደረሰኙ ከእናቱ ቦርሳ አልወጣም፤ የእርቅ ሰነዱ ሽማግሌው ቤት ነው። ይግባኝ ሰሚው የሚያየው መዝገቡን ነው። አንቀጽ 194 ተጨማሪ ማስረጃ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ እንዲቀርብ ለይግባኝ ሰሚው ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ሆኖም ለምን በጊዜው እንዳልቀረበ ማስረዳት ግድ ነው፤ ፈቃዱም በቀላሉ አይገኝም። ጉዳዩ ገና በሥር ፍርድ ቤት ያለ አንባቢ ካለ ምክሬ ይኸው ነው፦ ለቅጣት አስተያየት አጭር ቀጠሮ ይጠይቁ፤ ሰነዱን ሰብስበው በጽሑፍ ያቅርቡ።

ይግባኝ ብንል ቅጣቱ ሊጨምር ይችላል?

ስጋቱ መሠረት የለሽ አይደለም። አንቀጽ 195 ለይግባኝ ሰሚው ቅጣትን ማጽናትን፣ መቀነስንም መጨመርንም የሚያካትት ሰፊ ሥልጣን ይሰጣል። ዐቃቤ ሕግም በበኩሉ ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ የማለት መብት አለው። ስለዚህ ይግባኝ ከማስገባትዎ በፊት ውሳኔውን በጠላት ዐይን አንድ ጊዜ ያንብቡት። ዳኛው ያልያዘው ግን ሊይዘው የሚገባ ማክበጃ አለ? ቅጣቱ ከመመሪያው እርከን በታች የወረደ ነው? ከሆነ ዝም ማለት የሚሻልበት ጊዜ አለ። ይህን ደፍሮ የሚነግር ጠበቃ ገንዘቡ ይገባዋል።

ይግባኙ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል?

ከፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የመጣ ጉዳይ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከከፍተኛው የመጣው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታያል። በክልልም ከወረዳ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ጠቅላይ ይሄዳል። ችሎቱ መጀመሪያ የይግባኝ ባዩን ወገን ብቻ ሰምቶና መዝገቡን አይቶ «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» ይላል። «አያስቀርብም» ከተባለ ዐቃቤ ሕግ ሳይጠራ መዝገቡ ይዘጋል። «ያስቀርባል» ከተባለ ዐቃቤ ሕጉ መልስ ይሰጣል፤ ይግባኝ ባዩ የመልስ መልስ ይላል፤ ከዚያ ለውሳኔ ይቀጠራል። ያስቀርባል ተብሎ ዘመድ አዝማድ ደስ ሲለው አያለሁ። ክርክር የሚያስነሣ ነጥብ ተገኘ ማለት ብቻ ነው፤ ድል አይደለም።

እስከዚያው ይፈታል?

ይግባኝ ማለት በራሱ ቅጣቱን አያስቆምም። አፈጻጸሙ እንዲታገድ ማመልከት ይቻላል፤ ረጅም እስራት ላይ ግን ሲፈቀድ እምብዛም አይታይም። ይግባኙ በሚታይበት ወቅት የታሰረው ጊዜ ከቅጣቱ ይቆጠርለታል፤ ከፍርድ በፊት በጊዜ ቀጠሮ የቆየውም ይታሰባል። ውሳኔው ላይ የታሰረበት ቀን በትክክል መጻፉን ያረጋግጡ፤ የቀን ስሕተት ወራት ያስከፍላል። ይግባኝ መጠየቅ አመክሮን አያሳጣም። በጽኑ ወይም በቀላል እስራት የተቀጣ ሰው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስና ጠባዩ መልካም ሲሆን በአመክሮ የመፈታት ጥያቄው ይታያል። በሌላ አነጋገር ከ9 ዓመት ላይ 3 ዓመት ቢቀነስ የአመክሮው ቀንም ከ6ኛው ዓመት ወደ 4ኛው ይመጣል።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የለንም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ ሊጓደልበት በሚችልበት ሁኔታ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ያገኛል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የተከላካይ ጠበቆች አሉ፤ በክልሎችም እንዲሁ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው፤ ማመልከቻ መጻፍ ዋና ሥራቸው ነው። ከውጭ አገር ሆነው ለወንድማቸው ገንዘብ የሚልኩ ዘመዶችም ይጠይቁኛል። የይግባኙ ባለቤት ታሳሪው ነው፤ ለጠበቃው ውክልና የሚሰጠው እርሱ ነው። ከሩቅ የሚረዳ ሰው ከገንዘቡ በፊት የውሳኔውን ግልባጭ ፎቶ ያስልክ። ግልባጩን ሳያነብ «አስፈታዋለሁ» የሚል ጠበቃ ወይም ደላላ ከገጠመዎት ስልኩን ይዝጉ።

ይግባኙም ካልተሳካ?

ሁለት መንገድ ይቀራል። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ብቻ ነው። «በዛ» ማለት ወደ ሰበር አያስገባም፤ «ማቅለያው በሕጉ መሠረት አልተያዘም»፣ «የተጠቀሰው አንቀጽ ለድርጊቱ አይደለም» የሚለው ግን ሊያስገባ ይችላል። ሌላው ይቅርታ ነው፤ ፍርድን አይነካም፣ ቅጣትን ያስቀራል ወይም ያቀላል። የይቅርታ ጥያቄ የሚታየው ውሳኔው የመጨረሻ ሲሆን ስለሆነ ይግባኙ በሂደት ላይ እያለ ጎን ለጎን ማስኬድ አይቻልም። ይቅርታ ጠይቀው መልስ ሲጠብቁ የይግባኝ ጊዜያቸው ያለፈባቸው አሉ፤ ቅደም ተከተሉ ይግባኝ መጀመሪያ ነው።

ሁለት ሆነው ተከሰው ሁለቱም አምነው ነበር። አንዱ ብቻ ይግባኝ ብሎ ቅጣቱ ቢቀነስለት ሌላው ይጠቀማል?

ሊጠቀም ይችላል። በአንቀጽ 196 ይግባኝ ሰሚው የሰጠው ውሳኔ ይግባኝ ላላለው ሰውም የሚጠቅም ከሆነና እርሱም ይግባኝ ቢል ኖሮ ተመሳሳይ ውሳኔ ያገኝ ከነበረ እንዲፈጸምለት ሊያዝ ይችላል። ሁለቱም ስላመኑ ማመናቸው በማቅለያነት አልተያዘም የሚለው ምክንያት ለሁለቱም እኩል ነው። አንዱ ከዚህ በፊት ተቀጥቶ የሚያውቅ ከሆነ ግን መልካም ጠባይ የሚለው ማቅለያ ለባልደረባው ብቻ ይሆናል። ይግባኝ ያለው ሰው ጠበቃ ይህን በመጨረሻው የዳኝነት ጥያቄ ላይ በአንድ መስመር ቢጨምርለት ምንም አያጣም።